አንዴ ብቻ የሚያስረዱት መምህር

አንድ የሒሳብ መምህር ነበሩ። ስማቸው እንዳላማው ይባላል። በአንዲት አነስተኛ ከተማ ስምንተኛ ክፍል ሲያስተምሩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ከደወል በፊት ይገባሉ፤ ከደወል በኋላ ይወጣሉ፤ ታምመው እንኳ አንድ ቀን ቀርተው አያውቁም። ተማሪዎቻቸው ግን ይፈሯቸዋል እንጂ አይቀርቧቸውም። ምክንያቱም መምህር እንዳላማው አንድን ነገር የሚያስረዱት አንዴ ብቻ ነው። ሁለተኛ የጠየቃቸው ተማሪ የሚያገኘው ቁጣ ነው።

«እዚህ ቆሜ ስለፈልፍ የት ነበርክ? ጆሮህን ቤት ትተኸው መጣህ?» ይላሉ።

ክፉ ሰው አልነበሩም። የሰለቻቸው ሰው ነበሩ። በአንድ ክፍል ስልሳ አራት ተማሪ ታጭቋል። ጠመኔው ገና ሰሌዳውን ሲነካ ይሰበራል። ከአጥሩ ማዶ ያለው ብረታ ብረት ቤት ቀኑን ሙሉ ይቀጠቅጣል። ከሁሉ በላይ የሚያንገበግባቸው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ለእሳቸው ውኃ የሆነው ነገር ለልጆቹ አልገባ ማለቱ። «አንድ ሁለተኛና አንድ ሦስተኛ መደመር ምኑ ይከብዳል?» እያሉ መንገዱን ሁሉ ከራሳቸው ጋር ሲሟገቱ ይሄዳሉ። ሰሞኑን ደግሞ ጥፋተኛውን አግኝተውታል። መምህራን ማረፊያ ውስጥ ሻይ ይዘው የተቀመጠ ሁሉ ሳይወድ ይሰማቸዋል፦ «ጌም ነው! የዘመኑን ልጅ ጭንቅላት የበላው ይሄ ጌም የሚሉት ነገር ነው!»

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሰሌዳው ላይ ያንኑ ጥያቄ ጻፉና ትርሲት የምትባል የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ጠሩ። ትርሲት ወጣች፤ ጠመኔውን ይዛ ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ «ሁለት አምስተኛ» ብላ ጻፈች። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

«ከየት አመጣሽው?»

«ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደመርኩት ቲቸር።»

«ባለፈው ሳምንት አላስረዳሁም?»

«አስረድተዋል። እኔ ግን አልገባኝም ነበር። እንደገና ቢያሳዩን…»

«እንደገና!» መምህሩ ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት። «እኔ ቴፕ መሰልኩሽ? ሂጂ ተቀመጪ! አንቺ ለዚህ የሚሆን ጭንቅላት የለሽም!»

ትርሲት ተቀመጠች። ጥቂት ቆይተው ቢያዩዋት አንገቷን ደፍታ እጇን ከዴስኩ ሥር አድርጋለች። ቀስ ብለው ከኋላዋ ቆሙ። ስልክ ነው። ስክሪኑ ላይ አንድ ትንሽ ሰውዬ እየሮጠ ገደል ይዘላል። መምህር እንዳላማው ስልኩን መነጨቁና ኪሳቸው ከተቱት። «ወላጅ ሳትይዢ እዚህ ክፍል እንዳላይሽ!» አሉ።

ረቡዕ አልመጣችም። ሐሙስም አልመጣችም። ዓርብ ከሰዓት ርዕሰ መምህሯ ወይዘሮ ዘነበች መምህሩን ቢሯቸው አስጠሯቸው።

«የትርሲት እናት ጠዋት መጥተው ነበር» አሏቸው።

«ይምጡ እንጂ! ስለ ጌሙ የምነግራቸው አለኝ።»

«ስለ ጌም አይደለም የመጡት። መልቀቂያ ሊጠይቁ ነው። ልጅቷ ትምህርት በቃኝ፣ ካንቺ ጋር ልብስ እሰፋለሁ ብላለች።»

መምህሩ በረጅሙ ተነፈሱ። «አላልኩም? ጌሙ ነው ያበላሻት!»

«ይሆናል። ስልኩ ግን የእናትየዋ ነው፤ ደንበኛ የሚደውልላቸው በእሱ ነው። እርስዎ ራስዎ ቤታቸው ይውሰዱላቸው። መልቀቂያውን እስከ ሰኞ አቆየዋለሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት መምህር እንዳላማው እየተነጫነጩ ሄዱ። የዕረፍት ቀናቸው ነው። መንገዱ ጭቃ ነው። የሚናገሩትንም ገና ከቤት ሲወጡ አሰናድተውታል።

የትርሲት እናት ወይዘሮ አስካለ በረንዳ ላይ የልብስ ስፌት መኪናቸውን ዘርግተው የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋሉ። ትርሲት አጠገባቸው ቁልፍ ትተክላለች። መምህሯን ስታይ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። እናትየዋ በርጩማ አቀረቡላቸው። መምህሩም ስልኩን አስረክበው ያሰናዱትን ንግግር ጀመሩ፤ ስለ ጊዜ፣ ስለ ዲሲፕሊን፣ ስለ ዘመኑ ልጅ።

«እኔን የሚገርመኝ» አሉ በመጨረሻ ወደ ትርሲት ዞረው፣ «አንድ ክፍልፋይ ላይ አምስት ደቂቃ መቀመጥ ያቃታት ልጅ፣ እዚህ ስልክ ላይ ሰዓት ሙሉ እንዴት ትቀመጣለች?»

ትርሲት እናቷን አየች፤ ከዚያ መሬት መሬት እያየች መለሰች። «ጌሙ ስወድቅ አይቆጣኝም ቲቸር። እንደገና ሞክሪ ነው የሚለኝ።»

መምህሩ ሳቁ፤ የንቀት ሳቅ ነበር። «ለዚህ ደግሞ ሙከራ ያስፈልገዋል? አንድ ሰውዬ ገደል ማዘለል! እስቲ አምጪው።»

ትርሲት ስልኩን ከእናቷ ተቀብላ ጌሙን ከፈተችላቸው። «ገደሉ ጋ ሲደርስ እዚህች ጋ ይጫኑ» አለቻቸው። ሰውዬው ሮጠ። መምህሩ ተጫኑ። ሰውዬው ገደል ገባ።

«አልነገርሽኝም እኮ እንዲህ እንደሚፈጥን!»

እንደገና ሮጠ፤ እንደገና ገደል ገባ። በሦስተኛው መምህሩ መነጽራቸውን ጠራረጉ። በአምስተኛው ስልኩ ተበላሽቷል አሉ። በሰባተኛው የመጀመሪያዋን ትንሽ ገደል እንደ ምንም ተሻገሩና ሁለተኛው ውስጥ ገቡ። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ። ትርሲት መጀመሪያ ላይ «አይዞዎት፣ እንደገና» ትላቸው ነበር። እየቆየ ግን ድምጿ ተለወጠ። በአሥራ ሁለተኛው ጊዜ ጭራሽ ትንሿን ገደል መሻገር ሲያቅታቸው፣ አላስችላት አለ።

«ኧረ ቲቸር! ነገርኩዎት እኮ! ቀድመው ነው የሚጫኑት! ምኑ ነው የሚከብደው?»

«አንቺ!» አሉ እናቷ ደንግጠው። «መምህርሽን ነው እንዲህ የምትናገሪው?»

መምህር እንዳላማው ስልኩን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ጆሯቸው ጋለ። መጀመሪያ ያሰቡት ስልኩን አስቀምጠው፣ የልጅ ጨዋታ ብለው፣ ተነሥተው መሄድ ነበር። ነገር ግን አንድ ነገር ያዛቸው። ልጅቷ ድምጿን ከፍ ባደረገች ቁጥር ጣታቸው እየተሳሰረ ሲሄድ ተሰምቷቸዋል። ቅድም የተሻገሩትን ገደል እንኳ ያሳታቸው እሱ ነው። በዚህ የመጫወቻ ሰውዬ እንዲህ ከሆኑ፣ ያቺ ልጅ በስልሳ ሦስት ተማሪ ፊት፣ ሰሌዳው ሥር ቆማ ምን ሆና ነበር?

«ምኑ እንደሚከብደኝ አላውቅም» አሉ ቀስ ብለው። «ባውቀውማ ባልከበደኝ።»

ትርሲት አፈረች። «ይቅርታ ቲቸር።»

«ይቅርታውን ተይውና አንድ ነገር ንገሪኝ። አንቺ ስትጀምሪ ስንት ጊዜ ወደቅሽ?»

አሰበች። «አላስታውስም። በጣም ብዙ መሰለኝ። አሁን ግን ጣቴ ራሱ ነው የሚዘለው… ለዚህ ነው የተናደድኩት። እንዴት አልገባዎትም ብዬ።»

መምህሩ ክፍልፋይ መደመር የተማሩበትን ቀን ለማስታወስ ሞከሩ። ያስተማራቸው ማን ነበር? ስንት ጊዜ ተሳስተው ነበር? ምንም ሊመጣላቸው አልቻለም። ሲያውቁት የተወለዱ ይመስል ነበር።

«በይ እንግዲህ» አሉ፣ «እንዳልነገርሽኝ አድርገሽ እንደገና አሳዪኝ።»

ትርሲት አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። «ሰውዬውን አይዩት ቲቸር። ሁሉም ሰው መጀመሪያ ሰውዬውን ነው የሚያየው። እርስዎ ከፊቱ ያለውን መሬት ብቻ ይዩ። መሬቱ ሊያልቅ ሲል ይጫኑ።» ሰውዬው ሮጠ። ትንሿን ገደል ዘለለ። ሁለተኛውንም ዘለለ።

«እሰይ!» ብለው ጮኹ መምህር እንዳላማው፤ ወዲያው ደግሞ ያለፈ ያገደመ ሰምቷቸው እንደሆነ ዞር ዞር ብለው አዩ። ወይዘሮ አስካለ ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ።

ከዚያ መምህሩ ስልኩን አስቀመጡ። «ትርሲት፣ ማክሰኞ ዕለት ጭንቅላት የለሽም ብዬሻለሁ። ተሳስቻለሁ።»

የስፌት መኪናው ቀጥ አለ። «እርስዎ ነዎት እንዴ እንዲህ ያሏት?» አሉ እናትየዋ። ፊታቸው ላይ ሳቁ ጠፍቷል። «መምህር፣ እኔ ማንበብ አልችልም። ልጄ ጭንቅላት የለኝም ስትል ከራሷ ያመጣችው መስሎኝ ስቆጣት ነው የሰነበትኩት። እርስዎ እንዳሉት ባውቅ ደግሞ አምን ነበር። መምህር ካለ እውነት ነው እል ነበር።»

መምህሩ በእጃቸው ወደ ስፌት መኪናው አመለከቱ። «እስቲ ሜትርዎን ያውሱኝ።»

የልብስ መለኪያውን ሜትር ተቀብለው ስልሳ ሳንቲሜትር ላይ ያዙት። «ይህ አንድ ሙሉ ነው እንበል። ግማሹ ስንት ነው?»

«ሠላሳ።»

«ሲሶውስ?»

«ሃያ።»

«አንቺ ሁለቱ ሲደመሩ ሁለት አምስተኛ ነው ብለሻል። የስልሳ ሁለት አምስተኛ ስንት ይሆናል?»

ትርሲት በጣቷ ሜትሩ ላይ ቆጠረች። ብዙ ቆየች። ሁለት ጊዜ ተሳሳተች። መምህሩ ከንፈራቸውን ነከሱ፤ «ኧረ በናትሽ!» የሚለው ቃል ጉሮሯቸው ድረስ መጥቶ መልሰው ዋጡት። በመጨረሻ «ሃያ አራት» አለች፤ ወዲያው ግን ፊቷ ተለወጠ። «እንዴ! ግማሹ ብቻውን ሠላሳ ነው እኮ። ተደምሮ እንዴት ያንሳል?»

«እንዴት ያንሳል?» አሉ መምህሩም፣ የመጀመሪያ ጊዜያቸው እንደሆነ ሁሉ ተገርመው።

እየጠየቁ፣ እየመለሰች፣ ነገሩ ከሥሩ ወጣ። ትርሲት አምስተኛ ክፍል ሳለች በታይፎይድ ሁለት ወር ተኝታ ነበር። የክፍል ጓደኞቿ የጋራ ታህት ማግኘትን፣ የክፍልፋዮቹን ታች አንድ ማድረግን፣ የተማሩት ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጣው መምህር ሁሉ እንደምታውቀው አድርጎ አለፈ። ሦስት ዓመት ሙሉ ያቺ ጎደሎ ቦታ ላይ ስትወድቅ ኖራለች። ይህን ለማግኘት የወሰደው አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም።

ሰኞ ትርሲት ክፍል ገባች። መልቀቂያው ሳይጻፍ ቀረ። መምህር እንዳላማው ግን በአንድ ቀን መልአክ ሆኑ ብዬ አልዋሽም። ያንኑ ሰኞ፣ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ፣ አንዱ ተማሪ ላይ አፍጠው «ስንቴ ልንገርህ!» ብለዋል። ልዩነቱ፣ ካሉት በኋላ ቆም ብለው ትንፋሽ ወስደው «የቱ ጋ ነው የጠፋብህ?» ብለው መጠየቃቸው ነው። ልጁ እንደገና መቆጣታቸው መስሎት መልስ ለመስጠት ሁለት ደቂቃ ፈጅቷል። መምህሩ ሁለቱንም ደቂቃ ጠበቁ። ከባድ ሁለት ደቂቃ ነበር። ክፍል ውስጥ ስልክ የሚነካ ተማሪ ግን ዛሬም ይነጠቃል፤ ትርሲትም አንድ ጊዜ ተነጥቃለች፤ እናቷም ደግ አደረጉ ብለዋል። በዓመቱ መጨረሻ ልጅቷ በሒሳብ ስልሳ አንድ አመጣች። ከክፍሉ አንደኛ አልወጣችም። ዘጠነኛ ክፍል ግን ገባች።

የዚህ ታሪክ ትምህርት እንዲህ ነው። አንድን ነገር ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው፣ ሳያውቀው የነበረበትን ጊዜ ይረሳል። ከረሳ በኋላ የማያውቀው ሰው ሁሉ ሰነፍ ወይም ደደብ ይመስለዋል። አሥራ አራት ዓመት የሆናት ልጅ እንኳ በምታውቀው ነገር ላይ አምባገነን ለመሆን የፈጀባት ሩብ ሰዓት ነው። ትዕግሥት ለጥቂት ሰዎች ብቻ የተሰጠ ጠባይ አይደለም። የራስን ጀማሪነት ደጋግሞ ከማስታወስ የሚመጣ ነው፤ ስለዚህ ማንም ሊለማመደው ይችላል።

እርስዎስ ዛሬ ዓይንዎን ጨፍነው የሚሠሩትን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ያበላሹበትን ቀን ያስታውሳሉ? ያን ዕለት አጠገብዎ የቆመው ሰው ምን ብሎዎት ነበር?