የአሮጊቷ ጃርት እሾህ

ተረት ተረት፤ «የጃርት ቤት» በሉ።

ጥርሷ ያለቀ አንዲት አሮጊት ጃርት ከልጇ ጋር ትኖር ነበር። ልጇ ድንች ቆፍሮ፣ አኝኮና አለስልሶ ሊያጎርሳት በቀረበ ቁጥር እሾኋን ታቆምበታለች። ሦስት ቀን ሙሉ ምንም አልቀመሰችም።

«እማዬ፣ በሞቴ፣ አንዲት ጉርሻ» አላት።

«እኔ አጉራሽ እንጂ ጎራሽ ሆኜ አላውቅም። ሂድ፣ ራስህ ብላው።»

ልጁ መንገድ ከጀመረ በኋላ አንድ ነገር ከነከነውና ተመለሰ።

«እማዬ፣ እኔም የተወለድኩት ከነእሾሄ ነው። ታዲያ ስታጠቢኝ እንዴት ሳልወጋሽ ቀረሁ?»

አሮጊቷ ሳቀች። «ማን ሳትወጋኝ ቀረህ አለህ? ጡቴን ወንፊት አስመስለኸው ነበር።»

«ለምን አልገፋሽኝም?»

«ርቦህ ነበራ።»

ልጁ ጉርሻውን እንደያዘ ወደቆመው እሾህ ቀጥ ብሎ ገባ። ደረቱን ቢወጋውም አፏ አጠገብ እስኪደርስ አልቆመም።

የደሙ ሽታ ሲደርሳት እናቱ እሾኋን ቀስ ብላ አስተኛች። ከዚያም አፏን ከፈተች።

ተረቴን መልሱ፤ እኔንም አጉርሱ።