አውሮፕላን ያላረፈበት ሜዳ

በአንድ ወቅት፣ ጉሙ ከሰው ቀድሞ በሚነሳበት የወንዝ ዳር ቀበሌ፣ ጦይባ የምትባል ሴት ነበረች። ከአባቷ የወረሰችው ማሳ ማሽላ ሲሉት ማሽላ፣ ጤፍ ሲሉት ጤፍ የሚሰጥ፣ እሺ ባይ መሬት ነበር። ታናሽ እህቷ ሰዓዳ አብራት ብታርምም ብታጭድም፣ በይዞታ ደብተሩ ላይ የሰፈረው የጦይባ ስም ብቻ ነበር።

አንድ ቀን የመንግሥት ሰዎች ሜትር ይዘው መጡ። «ቦታው ለሕዝብ ጥቅም ተፈልጓል፤ የአውሮፕላን ማረፊያ ይሠራበታል» አሉ።

ጦይባ «አውሮፕላኑ በሽተኛም ይጭናል?» ብላ ጠየቀች።

«ይጭናል እንጂ!»

የእናታቸው ነፍስ የወጣችው በቃሬዛ ሆስፒታል ስትወሰድ፣ መንገድ ላይ ነበር። ጦይባ ይህን አስባ ፈረመች። ቤቷን አፍርሳ፣ በምትኩ የተሰጣት ድንጋያማ ተራራ ላይ ወጣች። ሰዓዳ ግን «እታለም፣ የፈረምሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ አልፈረምኩም» ብላ ጥላት ከተማ ገባች።

ሜዳው ተደለደለ። የነፋሱን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀይ የጨርቅ ከረጢት በረጅም ብረት ላይ ተሰቀለ። ይማም የሚባል፣ ከሩቅ አገር የመጣ ንግግረ ቁጥብ ሰው ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። ከዚያ ማሽኖቹ ሄዱ፤ እንደወጡም ቀሩ።

ጦይባ ጠዋት ጠዋት ከተራራዋ ጫፍ ተቀምጣ ቁልቁል ታያለች። ጉሙ ሜዳውን ሲሞላው ነጭ ባሕር ይሆንባታል። አንዳንዴ የሞተር ድምፅ የሰማች መስሏት ብድግ ትላለች። ጉሙ ሲገፈፍ ግን ራዛ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ናቸው፤ ክንፋቸውን ዘርግተው፣ የቸኮለ ነገር እንደሌለ ሁሉ፣ ቀስ ብለው ይወርዳሉ። እናቷ ድና በመካከላቸው በእግሯ ስትሄድ ያየቻት የመሰላትም ጊዜ አለ። «ለሰው ብዬ የሰጠሁት ለወፍ ሆነ» ትላለች፤ መቆጨት ይሁን መደሰት ለራሷም አይለይላትም።

የይማም ደመወዝ በሁለተኛው ዓመት ቆመ። በዚያው ክረምት ወንዙ ሞልቶ የሜዳውን ጠርዝ መቦርቦር ጀመረ። ይማም አልሄደም። ድንጋይ ተሸክሞ እርከን ካበ፤ ጎርፍ ሲያፈርሰው መልሶ ካበ። አሥራ አንድ ክረምት እንዲህ ሆነ። የማዶው ማሳ ሁሉ ተጠርጎ ሲሄድ ይህኛው ቀረ።

ጦይባ አንድ ቀን ወርዳ «ማን አዘዘህ?» አለችው።

«መሬት ሲሄድ ቆሞ ማየት አልሆነልኝም» አላት።

ሰዓዳ ደግሞ በከተማ ቀን የሰው ልብስ እያጠበች፣ በትርፍ ሰዓቷ ሕግ የሚያውቅ እየጠየቀች፣ መሬቱን ለማስመለስ በየቢሮው ደጅ ጠናች። «የፋይሉ ባለቤት አይደለሽም» ሲሏት «የፋይሉ ባለቤት እህት የላትም?» ትላለች። ከተማ ያገባችው ባሏ «ወይ እኔን፣ ወይ መሬቱን» ቢላት ጊዜ አልፈጀባትም፤ ሻንጣውን አውጥታ ሰጠችው። በመጨረሻ አዲስ ሕግ ወጣ፦ ለሕዝብ ጥቅም ተወስዶ ለታሰበው ሥራ ያልዋለ መሬት ለባለመብቱ ይመለሳል። ያን ጊዜ ሜዳው ለአንድ አበባ አምራች ባለሀብት ሊተላለፍ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። ሰዓዳ ሕጉን ይዛ ፍርድ ቤት ሮጠች፤ ዝውውሩን አሳገደች።

መሬቱ ለማን እንደሚመለስ ሊወስን የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ሜዳው ላይ ተሰበሰበ። ሁለቱ እህቶች ሰዓዳ ከተማ ከገባች ወዲህ ሲተያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። የሰዓዳ ፀጉር ሸብቷል። ጦይባ ልታቅፋት እጇን አንስታ፣ መልሳ ነጠላዋን አስተካከለች።

ሰብሳቢው «ሕጉ ለባለመብቱ ይላል፤ ባለመብቱ ማን እንደሆነ ግን ለእኛ ትቶታል። መሬቱ ቢከፈል ከሚፈቀደው መጠን በታች ስለሚሆን አይከፈልም። አንድ ደብተር፣ አንድ ስም» አለ።

ጦይባ «የሰጠሁት ለበሽተኛ ነበር። በሽተኛ ካልተጫነበት መሬቴ መሬቴ ነው። ተራራውን ዛሬውኑ እመልሳለሁ» አለች።

ይማም «እኔ ወረቀት የለኝም። ያለ እኔ ግን ዛሬ የምትከራከሩበት አፈር አይኖርም ነበር» አለ።

ሰዓዳ «እታለም ሰጠች፤ ጋሽ ይማም ጠበቀ። ያስመለሰው ማነው?» አለች።

ሰብሳቢው ደብተሩን ገልጦ ብዕሩን አወጣ። ጦይባ አፈሩን በእጇ ዘገነች፤ እርጥብና ጥቁር ነው፣ ልክ እንደ ድሮው። ሌሎቹ ሁለቱ የተናገሩት ውሸት እንዲሆን ተመኘች። አንድም ውሸት አላገኘችበትም።

እንግዲህ እናንት ሰሚዎች፣ ሰብሳቢው ብዕሩን ለእናንተ ቢያቀብል፣ ደብተሩ ላይ የማንን ስም ትጽፉ ነበር? በቅንነት የሰጠችውን፣ ከወንዙ አፍ ያተረፈውን፣ ወይስ ከሰው እጅ ያስመለሰችውን?