በግፊ የምትነሳው መኪና

አንድ ክርና የልብስ ቁልፍ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። ስሙ አጥናፉ ይባላል። ሱቁ ከተማው መሃል ገበያ ውስጥ ነው፤ ቤቱ ደግሞ ዳገት ላይ ካለ ሰፈር። አንዲት አሮጌ መኪናም ነበረችው።

የመኪናዋ ዕድሜ ከአጥናፉ ትዳር ይበልጣል። ባትሪዋ ደካማ ስለነበር ጠዋት ጠዋት ሞተሯ ሦስት አራት ጊዜ ያስልና ዝም ይላል። የሰፈሩ ሰው በዚህ የተነሳ «ጉንፋን» የሚል ስም አወጣላት። ጉንፋን ያለ ግፊ አትነሳም። ማለዳ አንድ ሰዓት ላይ ሳሏ ሲሰማ ልብስ ሰፊው፣ ነርሷና የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ከየበራቸው ይወጣሉ። ቁልቁለቱ እስኪጀምር ድረስ ይገፏታል፤ ሞተሩ ሲነሳም እየሮጡ ይገቡባታል። የገፋ ይሳፈራል። ይህን ደንብ ማንም ተሰብስቦ አላወጣውም፤ እንዲሁ ሲደረግ ሲደረግ ሕግ ሆኖ ቀረ። ተሳፋሪውም አያመሰግንም፣ ባለመኪናውም አይመጻደቅም።

ከገፊዎቹ ሁሉ አንድም ቀን ቀርተው የማያውቁት ጋሽ ደምሰው ናቸው። ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ ከወጡ በኋላ ዓይናቸው ቀስ በቀስ ጠፋባቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ የሚኖሩት ከልጃቸው ከትርሲት ጋር ነው፤ እሷም ጠዋት ሥራ ወጥታ የምትገባው ሲመሽ ነው። ጋሽ ደምሰው የጉንፋንን ሳል ሲሰሙ ከዘራቸውን ይዘው ይወጡና አንድ እጃቸውን የኋላ ኮፈኑ ላይ ያሳርፋሉ። እውነቱን ለመናገር ግፊው ላይ የሚጨምሩት ጉልበት ይህን ያህል አልነበረም። ትእዛዙ ግን የእሳቸው ነው። ሁለተኛ ማርሽ አስገባ፣ ቆይ፣ አሁን ፍሪሲዮኑን ልቀቅ ይላሉ፤ ጉንፋንም እሳቸው ባሉበት ቅጽበት ትነሳለች። የፊት ወንበር የእሳቸው ነበር። እየሄዱ ሞተሩን ያዳምጡና ዘይት ጎድሏታል፣ ፍሬኗን አሳያት ይላሉ፤ ብዙ ጊዜም አይሳሳቱም። ቀኑን አጥናፉ ሱቅ በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ከገበያተኛው ጋር ሲጫወቱ ይውሉና ማታ አብረው ይመለሳሉ። ጉንፋን ለሌላው ሰው መሳፈሪያ ነበረች። ለጋሽ ደምሰው ግን ከሰው ጋር የሚውሉባት አንዲት መንገዳቸው ነበረች፤ ሌላ አልነበራቸውም።

አንድ ቀን ሱቁ በር ላይ ጨዋታው ስለ መኪና ሆነ። ጎረቤቱ ያለ የጨርቅ ነጋዴ፣ የነዳጅ መኪና ዘመን እያበቃ ነው፣ ከእንግዲህ ሁሉም በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው አለ። ቀጥሎም ወደፊት መኪና የሚገዛ ሰው እንኳ አይኖርም፣ ስትፈልግ ትጠራዋለህ፣ ይመጣል፣ ለሁሉም የጋራ ይሆናል ብሎ ተነበየ። ጋሽ ደምሰው ይህን ሲሰሙ ሳቁ።

«ታዲያ የእኛ ሰፈር ቀድሞ ደርሷል በለኛ» አሉ። «አንዲት መኪና ለአምስት ሰው። የምንከፍለውም ጉልበት ብቻ ነው።»

ሁሉም ሳቀ። አጥናፉ ግን የሰማው ስለ ኤሌክትሪኩ የተባለውን ብቻ ነበር።

አጥናፉ ክፉ ሰው አልነበረም። ክር ሲሸጥ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያለ ደንበኛ የሚያስቅ ጨዋታ አዋቂ ነው። ተረቱን ለገበያ እንጂ ለራሱ ብሎት አያውቅም። ደግሞም ደክሞት ነበር። ነዳጅ ማደያ ተሰልፎ ግማሽ ቀን መዋል ሰልችቶታል፤ የሱቅ ጓደኞቹ በዝምታ በሚንሸራተቱ አዳዲስ መኪኖች ሲመጡ የእሱ እየተገፋች መነሳቷም ያሳፍረው ጀምሮ ነበር። ስለዚህ ጉንፋንን ለመለዋወጫ ነጋዴ ሸጣትና አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ።

ሰፈሩ ወጥቶ እሰየው አለው። ጋሽ ደምሰው አዲሲቷን መኪና ከፊት እስከ ኋላ በእጃቸው ዳሰሷትና የምትገፋው በየት በኩል ነው ብለው ጠየቁ። አጥናፉ ይቺስ አትገፋም አላቸው፤ ኩራቱ ከድምፁ ይሰማ ነበር። «እንግዲህ እኛም ከሥራ ተሰናበትን ማለት ነው» አሉ ጋሽ ደምሰው። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ከሁሉም በላይ የሳቀው አጥናፉ ነው። ያቺን ቃል ቆይቶ ብዙ ጊዜ አስታውሷታል።

በማግስቱ ማለዳ አጥናፉ መኪናውን ሲያስነሳ ምንም ድምፅ አልተሰማም። ጎረቤት የሚያስወጣ ሳል የለም። ጋሽ ደምሰው በር ጋ ሲደርስ ቀስ አለ። በሩ ዝግ ነበር። እጁ ወደ ክላክሱ ሄደ፤ ግን አልነካውም። የወንበሮቹ ላስቲክ ገና አልተነሳም፤ ወሩ ሐምሌ ነው፤ የጋሽ ደምሰው ከዘራ ደግሞ ጭቃ ይዞ ነው የሚገባው። ከስንት ዓመት በኋላ ማንም ሳያዝዘው መንዳቱም ደስ ብሎታል። «ሲሰሙ ይወጣሉ» አለ በልቡ። የሚሰማ ነገር እንደሌለ ግን ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

በሁለተኛው ቀን በሩ ጋ የቆየው ትንሽ ነው። በሦስተኛው ቀን ቀስም አላለም።

ሌሎቹም አልመጡም። ሲገፉ የሚሳፈሩት በላባቸው ነበር፤ አሁን መንገድ ዳር ቆሞ መጠበቅ ልመና ሆነባቸው። የእኛ አገር ሰው ደግሞ ሲለምን ከሚታይ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቢረፍድበት ይመርጣል። ልብስ ሰፊው ከሰልፉ መሃል ሆኖ አጥናፉ ሲያልፍ እጁን አንስቶ ሰላም ይለዋል፤ አጥናፉም መልሶ ያልፋል። ቢፈልጉ ይጠይቁኝ ነበር ይላል እሱ። ቢፈልግ ይጠራን ነበር ይላሉ እነሱ። አንድ ማለዳ ሚስቱ ጋሽ ደምሰውስ ብላ ብትጠይቀው፣ አይወጡም እኮ፣ ትተውታል መሰለኝ አላት። ዓይን ዓይኑን አየችው።

ክረምቱ አለፈ፤ መስከረምና ጥቅምትም አለፉ። አንድ ቅዳሜ አጥናፉ ከሱቅ ሲመለስ ትርሲትን ከበራቸው ደጅ አገኛት፤ የአልጋ ፍራሽ በገመድ እያሰረች ነበር። ምነው ቢላት አባቷን ሐዋሳ ወንድሟ ጋ ልትወስዳቸው መሆኑን ነገረችው። ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ተቀምጠው አይሆንም፤ ምሳም መብላት ትተዋል። እሷ ደግሞ ሥራዋን ልትተው አትችልም።

ከዚያም ምንም ሳትጠረጥር የሚከተለውን አጫወተችው። ጋሽ ደምሰው ጠዋት ጠዋት ኮታቸውን ይለብሳሉ፤ ከበሩ ኋላ ወንበር አስቀምጠው ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሃል ይዘው ያዳምጣሉ። አሮጌዋ እኮ ተሸጣለች ብትላቸው፣ አውቃለሁ፣ ለዚህ እኮ ነው አጥብቄ የማዳምጠው ይሏታል። ሳምንታት ሲያልፉ፣ አጥናፉ መውጫ ሰዓት ቀይሮ ይሆናል፣ ነጋዴ ሰው ሥራ ይበዛበታል አሏት። ካለፈው ወር ወዲህ ግን ኮቱን መልበስ ተዉ።

አጥናፉ ቆሞ ቀረ። እሱ በበራቸው በዝምታ ሲያልፍ እሳቸው ከበሩ ኋላ ተቀምጠው ለእሱ ምክንያት እየፈለጉለት ነበር። በመካከላቸው አንድ የቆርቆሮ በር ብቻ ነበር። ሰኞ መናኸሪያ ድረስ እኔ አደርሳቸዋለሁ አላት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ሰኞ ማለዳ በራቸው ላይ ቆሞ ክላክስ አደረገ። አዲሲቷ መኪና እዚያ በር ላይ ድምፅ ስታሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። ጋሽ ደምሰው በትርሲት ተደግፈው ወጡ፤ እግራቸው ከመቀመጥ ብዛት ተሳስሮ ነበር። የፊት ወንበር ላይ ሲያስቀምጧቸው ላስቲኩ ተንኮሻኮሸ። ትርሲት ከዕቃው ጋር ከኋላ ገባች፤ ጎረቤትም ደህና ይግቡ እያለ ሸኛቸው።

ጥቂት ከሄዱ በኋላ ጋሽ ደምሰው ፊታቸውን ወደ አጥናፉ መለሱ።

«ምነው፣ አናስነሳትም እንዴ?» አሉት።

«ተነስተናል እኮ ጋሽ ደምሰው። ገበያውን ልናልፍ ነው።»

ጋሽ ደምሰው እጃቸውን ዘርግተው ዳሽቦርዱ ላይ አሳረፉ። የሚያውቁትን የሞተር ንዝረት ፈለጉ፤ አላገኙትም። እጃቸውን ግን አላነሱም። ጥሩ መኪና ናት፣ ተባረክባት አሉ። የአጥናፉን ልብ የሰበረው ይህ ምርቃት ነው። ይቅርታ ሊጠይቅ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«በበርዎ ሳልፍ አይሰማዎትም ነበር። መኪናዋ ድምፅ የላትም።»

ሽማግሌው ሲመልሱለት ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም።

«እሷስ የላትም ልጄ» አሉ። «አንተ ግን ነበረህ።»

መናኸሪያ ደረሱ። የሐዋሳው አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ እያጓራ ይጠብቅ ነበር። ጋሽ ደምሰው ድምፁን ሲሰሙ ፊታቸው በራ፤ የሞተሩ ቺንጋ ላልቷል፣ ለሾፌሩ ንገሩት አሉ። ከዚያ የአጥናፉን ራስ ዳብሰው መርቀውት አውቶቡሱ ላይ ወጡ። አጥናፉ አውቶቡሱ ከዓይኑ እስኪጠፋ ድረስ ቆሞ አየ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ እሱም ይህን ያውቅ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ በየበሩ እየቆመ ክላክስ አደረገ። ልብስ ሰፊው ማን ሞተ ብሎ ደንግጦ ወጣ። አጥናፉ ማንም አልሞተም፣ ግባ እንሂድ አለው። ነርሷም ዘበኛውም ወጡ፤ እያፈሩ ገቡ። ሦስቱም ከኋላ ተጣበው ተቀመጡ። ከፊት ባዶ ወንበር እያለ እዚያ የሄደ የለም፤ አጥናፉም ሂዱ አላላቸውም።

ወዳጆች ሆይ፣ ጥፋቱ የመኪናዋ አይደለም። ነገ ነዳጅ የማትጠጣ፣ ሾፌር የማትፈልግ፣ ምናልባትም ባለቤት የሌላት መኪና ትመጣለች። ትምጣ፤ ለሚደክመው ሰው እሰየው ነው። ነገር ግን አንዳንዱ ችግር ሳናውቀው ጎረቤታችንን ከቤቱ ያወጣልን ነበር። ችግሩ ሲወገድልን ጎረቤቱን የመጥራቱ ሥራ ወደ እኛ ይዞራል፤ ያን ሥራ ደግሞ ምንም ዓይነት አዲስ መኪና አይሠራልንም። አጥናፉ ይህን ተማረ፤ የተማረው ግን ያ ወንበር ባዶ ከሆነ በኋላ ነው።

እርስዎስ ዛሬ ማለዳ፣ ከበሩ ኋላ ተቀምጦ የሚያዳምጥ ሰው እንዳለ እያወቁ፣ በማን ደጅ ዝም ብለው አለፉ?