እንግዳዋ ፍላሽ

አንድ ጥያቄ ለዓመታት ይዤ ኖሬአለሁ፦ የተሰበረ ሰው ዘንድ ስንሄድ ምን እናስቀድም?

አንዲት ጥልፍ ነዳፊ ነበሩ፤ እትዬ ደብሪቱ ይባላሉ። የዕድሜ ልክ ንድፋቸው ሁሉ ያለው አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ለእሑድ ሙሽራ የሚሰፉት ቀሚስ የፊቱ ጥልፍ እንዳለቀ፣ የጀርባው ሳይጀመር፣ ኮምፒውተሩ ጠቅ ጠቅ ብሎ አልነሣም አለ። ታቅፈውት ወደ ጥገና ቤት ሮጡ።

ጠጋኙ ግዛቸው ገና ድምፁን እንደሰማ ፈረደ። «እትዬ፣ መድኃኒቱ ፎርማት ነው። እንደ አዲስ ይሆንልዎታል።»

«ንድፎቼስ?»

«እነሱማ ይጠፋሉ። ኮምፒውተሩ ግን ይድናል!»

«አንተ ልጅ፣ ሳጥኑን ለማትረፍ ልብሱን ታቃጥላለህ?»

የሥራ ባልደረባው ትርሲት ሳቀች። ከጤነኛ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ አንዲት ባዶ ፍላሽ ላይ ሊኑክስ የተባለ ኮምፒውተር ማስነሻ ሥርዓት ጫነች።

«ልትጠግኚው ነው?» አሉ እትዬ ደብሪቱ።

«አሁን አልጠግነውም። ከዚች ፍላሽ አስነሥቼው በእንግድነት እገባለሁ። እንግዳ የሰው ቤት ዕቃ አያንቀሳቅስም፤ ንድፎቹ ያሉበት ዲስክዎ ላይም ምንም አልጽፍም፣ አነባለሁ ብቻ።»

«ሳትነኪው ልታድኚው?» አለ ግዛቸው። «ጸበል ነው እንዴ?»

«ጸበል እንኳ ይረጫል!»

ኮምፒውተሩ ከፍላሿ ተነሣ። ትርሲት ከሚያቃስተው ዲስክ ፋይሎቹን ቀስ እያለች ወደ ሌላ ዲስክ ቀዳች። የቀሚሱ የጀርባ ንድፍ ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል እትዬ ደብሪቱ እልል አሉ፤ የጎረቤት ሱቆች ሙሽራ የመጣ መስሏቸው ወጥተው አዩ።

ትንሽ ቆይቶ አሮጌው ዲስክ ጭራሹን ዝም አለ። ማንም አላዘነለትም።

«በል ግዛቸው፣» አሉ እትዬ ደብሪቱ፣ «አሁን ሳጥኑን እንደ ፍጥርጥርህ አድርገው።»

እሱም እየሳቀ አዲስ ዲስክ ገጠመላቸው። እሑድ ሙሽራዋ ጀርባዋን ለካሜራ ሰጥታ ፎቶ ስትነሣ ዋለች።

የተሰበረን ሰው ለመጠገን እንቸኩላለን። ምክራችንንም በቁስሉ ላይ እንጽፍበታለን፤ በውስጡ ያለው ውድ ነገር ግን በዚያው ይጠፋል። መጀመሪያ በእንግድነት ገብቶ ያለውን ማንበብ ይቀድማል። ጥገናው ይደርሳል።

አንዲት ጓደኛዬ ከእጮኛዋ ከተለያየች ወዲህ ስልክ አታነሣም። ልልክላት የጻፍኩትን ረጅም ምክር ዛሬ አጠፋሁት። ነገ ቤቷ ሄጄ አጠገቧ እቀመጣለሁ፤ «ንገሪኝ» ብቻ እላታለሁ።