የድልድዩ ድንጋይ

አንድ የወረዳ ሹም ነበረ። አንተ የክርስትና ልጄ ባትሆን ይህን አላወራልህም። ነገ ለጤና ጣቢያው የመሠረት ድንጋይ ልታኖር ነውና «ድንጋዩ ላይ ምን ላስጽፍ?» ብለህ ጠይቀኸኛል፤ እንግዲህ ስማ።

ሹሙ ክፉ ሰው አልነበረም። በበጋ ወደ አንድ ወንዝ ዳር መንደር ወረደ። ያ ወንዝ በክረምት ማንንም አያሳልፍም። ሹሙም «ድልድይ ይሠራላችኋል» አለና ስሙ የተቀረጸበትን ጥርብ ድንጋይ በወንዙ ዳር አቆመ። ሕዝቡ እልል አለ፤ ወይፈንም አረደለት። ሹሙ ተመርቆ ወደ ሌላ መንደር ሄደ፤ እዚያም ሌላ ድንጋይ አቆመ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላሉ፤ ይኼኛው ገንዘብ አልበላም፣ የበላው እልልታ ነው።

ክረምት ገባ። የአንድ ገበሬ ሚስት ምጥ ጠናባት። ጎረቤቶቿ በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ማዶው ሐኪም ቤት ሲወስዷት ወንዙ ሞልቶ ጠበቃቸው። ቃሬዛውን ከድንጋዩ አጠገብ አሳርፈው ውሃው እስኪጎድል ተቀመጡ። ውሃው ሳይጎድል ሴትዮዋ ከነልጇ ሞተች። ይህን ሳወራ ዛሬም ያመኛል።

ምርጫ ሲደርስ ሹሙ ተመለሰ። ንግግሩን ድንጋዩ አጠገብ ቆሞ ሊያደርግ ቢፈልግ ድንጋዩ የለም። «የት አደረሳችሁት?» ብሎ ጠየቀ። ባልየው ተነሥቶ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ መራው። ድንጋዩ በአንድ መቃብር ራስጌ ቆሟል፤ የሹሙም ስም እንዳለ ነው።

«በቁጣ አይደለም ጌታዬ» አለ ባልየው። «ለሚስቴ መቃብር ጥርብ ድንጋይ ቸገረኝ። ያንን ደግሞ ሥራ ፈትቶ አየሁት።»

«እባክህ፣ ስሜ ያለበትን ከዚህ አንሣልኝ» አለ ሹሙ።

«ድልድዩን ያቁሙልንና ድንጋይዎን ይውሰዱ።»

የተከተላቸው ሕዝብ አልተሳደበም፤ እልልም አላለም። ሹሙ መቃብሩ ላይ ስሙን እያነበበ ቆመ።

ልጄ፣ ነገ በዚያ ሹም ቦታ የምትቆመው አንተ ነህ። ሕዝብ የሰጡትን ድንጋይ አይጥልም፤ ቦታ ይፈልግለታል። ቦታውን የምትመርጥለት አንተ ነህ፤ የምትመርጠውም ከእልልታው ማግስት በምትሠራው ነው። ስለዚህ ነገ ድንጋዩን ባዶውን አቁመው። በጤና ጣቢያው የመጀመሪያዋ እናት በደህና ወልዳ ስትወጣ፣ ምን ላስጽፍ ብለህ እሷን ጠይቃት።