ወንዙ ሲሞላ ግቢ

በአንድ ወቅት፣ ክረምት ሲገባ ከአገሩ ተቆርጦ የሚቀር መንደር ነበረ። ከኋላው ገደል፣ ከፊቱ ወንዝ ነው። መውጫው አንድ የእንጨት ድልድይ ብቻ ነበር። የመንደሩ ሰው ካቶሊክ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ግን ከወንዙ ማዶ ነበር።

በዚያ መንደር ፓስካል የሚባል ወጣት አናጢ ይኖር ነበር። ሚስቱ ሪታ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛለች። አንድ ሐሙስ ጠዋት ፓስካል የቤተ ክርስቲያኑን አዲስ በር ሊገጥም መሣሪያውን አነሣ።

«እስከ እሑድ ቆይ» አለችው ሪታ። «ወገቤን እንደመቁረጥ እያደረገኝ ነው።»

«ገና ሁለት ወር ይቀርሻል እኮ። በሩን ለእሑድ ቅዳሴ አድርስ ተብያለሁ። እሑድ አብረን እንሄድና አንቺ ትከፍቺዋለሽ።»

ሄደ። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ። ዓርብ ጠዋት ድልድዩ አልነበረም።

ዓርብ ቀትር ላይ ሪታ ያለ ወሯ ወለደች። ሴት ልጅ ናት። በአንድ መዳፍ ላይ ተኝታ ቦታ ይተርፋት ነበር። የሪታ ደም ግን አልቆም አለ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተች።

ቅዳሜ አንድ ጎረቤት ወንዙ ዳር ቆሞ ጮኸ። «ፓስካል! ሪታ አረፈች! ልጅቷ አለች!»

ፓስካል ልብሱን ሳያወልቅ ወንዙ ውስጥ ገባ። ሰዎች በገመድ ጎትተው አወጡት። እንደገና ገባ። እንደገና አወጡት። ከዚያ በኋላ የደብሩ ቄስ አባ ላምቦሬ ቀበቶውን ጨብጠው አለቀቁትም።

«የሪታን ነጠላ ወንዙ ዳር ባለው ዛፍ ላይ ስቀሉልኝ!» ብሎ ጮኸ ፓስካል። «ነጠላው እስካለ ድረስ ልጄ አለች ማለት ነው!»

ሰቀሉለት። የሚስቱን ቀብር ከማዶ ሆኖ አየ። የሚታየው ጃንጥላ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ሥራው ዛፉን ማየት ሆነ።

በዚያኛው ወገን፣ ቤቱ ውስጥ፣ የሆነው ደግሞ ይኼ ነው።

የፓስካል እናት እማማ በለጡ ልጅቷን ስትነካት ቀዝቅዛለች። ወዲያው የቀሚሷን ደረት ቀደደች። ልጅቷን ከገላዋ ጋር አጣብቃ በመቀነቷ ጠፍራ አሰረቻት። በተኛችበት እንዳትጨፈልቃት ፈርታ ምሰሶውን ተደግፋ ተቀመጠች። አሥራ አንድ ቀን ጀርባዋ መደብ አልነካም። ሰባ ዓመቷ ነው።

«እማማ፣ አራስ መሰሉ እኮ» አሏት ጎረቤቶቿ ሊያጽናኗት።

«አራስ ከሆንኩማ ገንፎዬን አምጡ!» አለች። ልጅቷን ምትኬ ብላ ጠራቻት።

ሙቀቱ ልጅቷን ሦስት ቀን አቆያት። ሰኞ ጠዋት ትንፋሿ ቆመ። ከንፈሯ ጠቆረ።

እዚያ ቤት ሉቺያ ነበረች፤ የሪታ ታናሽ እህት። እህቷን ልታርስ የመጣች ናት። ከዚያ ወደ ገዳም ልትገባ ነበር። ደናግሉ ለፍልሰታ እንድትደርስ በደብዳቤ ጠርተዋታል። ከልጅነቷ ጀምሮ ሌላ ምኞት አልነበራትም።

ካህን የለም። ወንዙ መሀል ነው። ሉቺያ በጣሳ ውኃ ቀድታ ልጅቷ ራስ ላይ ሦስት ጊዜ አፈሰሰች። «ቬሮኒካ፣ በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠምቅሻለሁ» አለች። ከዚያ የክርስትና እናት እንደሚያስፈልግ ትዝ አላት። ራሷ ጠየቀች፦ «ይህችን ልጅ እንደ ልጅሽ ትጠብቂያታለሽ?» ራሷ መለሰች፦ «እጠብቃታለሁ።»

ልጅቷ ከውኃው ቅዝቃዜ ይሁን ከሌላ ነገር፣ ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

ሉቺያ የተጠመቀ ነጭ እንደሚለብስ ታውቃለች። የቤቱ ነጭ ልብስ ያ ዛፉ ላይ የተሰቀለው የሪታ ነጠላ ብቻ ነው። ሮጣ ከዛፉ አወረደችው። እሳት ላይ አድርቃ ልጅቷን ሸፈነችበት። ማዶ ያለውን ሰው ረሳችው።

ማዶ ያለው ሰው ባዶውን ዛፍ አየ።

ፓስካል ጭቃው ላይ ተንበረከከ። አባ ላምቦሬና አሥር የሚሆኑ ሰዎች እየሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ ተሳለ፦ «ጌታ ሆይ፣ ቆይ ስባል ሄጄ እናቷን ገደልኩ። ልጄን በሕይወት ባገኛት ያተረፋት ሰው ይውሰዳት። እኔ አባት ልባል አይገባኝም።»

ልጅቷ ተጠምቃለች፤ ግን ርቧታል። የላም ወተት ሞክረውላት አስመለሳት። በዚያው ሰኞ ታፈሰች መጣች። ታፈሰች ሸክላ ሠሪ ናት። በዚያ አገር ሸክላ ሠሪ ሌላ ሰው ቤት አይገባም፤ ድስቱን ከደጅ አስረክቦ ይመለሳል። የራሷን ሕፃን ከቀበረች ዘጠኝ ቀኗ ነበር። ጡቷ ግን አልሰማም፤ እየሞላ ያማት ነበር።

«ጡት አለኝ» አለች ከደጅ ሆና።

ልጅቷ ለመጥባት አቅም አልነበራትም። ታፈሰች ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ዝናቡ ጀርባዋን እየመታት ተቀመጠች። ለራሷ ልጅ በሠራቻት ትንሽ የሸክላ ኩባያ ወተቷን አለበች። እማማ በለጡ ከደፉ ወዲህ፣ እሷ ከደፉ ወዲያ ሆነው፣ ጥጥ እየነከሩ ጠብ ጠብ አደረጉላት። በቀን አሥር ጊዜ። ታፈሰች ለልጅቷ ስም አላወጣችም። ያወጣችው ስም ከልጇ ጋር ተቀብሯል።

ማክሰኞ ሉቺያ ማዶ ያለውን ሰው አስታውሳ ነጠላውን ዛፉ ላይ መለሰችው። ፓስካል ሲያየው መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ የተሳለውን ስለት አስታወሰ።

ረቡዕ በረዶ ወረደ። እማማ በለጡ ታፈሰችን ስትንቀጠቀጥ አየቻት። ሰባ ዓመት ሙሉ ለሸክላ ሠሪ ተናግራው የማታውቀውን ቃል ተናገረች።

«ግቢ» አለቻት።

ታፈሰች ገባች። እሳቱ ዳር ተቀመጠች። ቅዳሜ ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጡት ያዘች።

በአሥራ አንደኛው ቀን ወንዙ ጎደለ። ፓስካል በገመድ ተሻገረ። ከእሱ ጋር ለቅሶ ደራሽ ዘመድም ተሻገረ። እማማ በለጡ የሚመጣውን ሰው በበሩ አየችና ወደ ታፈሰች ዞረች።

«ለጊዜው… እስቲ ውጪልኝ ልጄ። ሰው ሊገባ ነው።»

ታፈሰች ኩባያዋን አነሣች። «ይሁን እማማ» አለች። «ወንዙ ሲሞላ ግቢ፣ ሲጎድል ውጪ። ቁርጡን ነግረውኛል።»

ፓስካል ልጁን ያገኘው በዚያ ሰዓት ነው። እናቱ ደረት ላይ፣ በዚያ ጠዋት ከዛፉ በወረደው የሚስቱ ነጠላ ተጠቅልላ፣ አፏ ዳር ወተት ነበር። ሊያቅፋት እጁን ዘረጋ። ስለቱን የሰሙት ሰዎች አዩት። እጁን ሰበሰበ።

የስለቱ ወሬ ለሦስቱ ሴቶች ደረሰ።

እማማ በለጡ እንዲህ አለች፦ «ስለት አላውቅም። ከእናቷ ማሕፀን ወጥታ የእኔ ገላ ውስጥ ነው የገባችው። ሁለተኛ እኔ ነኝ የወለድኳት። ለሸክላ ሠሪ ብትሰጣት ነገ ማን ያገባታል? ማንስ አብሯት ይበላል? ጡት በሁለት ዓመት ያልቃል፤ ስም ግን አያልቅም።»

«እማዬ፣ አንቺስ ስንት ዓመት ትኖሪያለሽ?» አላት ፓስካል ቀስ ብሎ።

«እሷ እስክታድግ» አለች። ሁለቱም እንደማይሆን ያውቁ ነበር።

ሉቺያ የደናግሉን ደብዳቤ ይዛ መጣች። ቀደደችው። «እጠብቃታለሁ ብያለሁ። የሰማኝ እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ ስለዚህ የምክደው የለም። አንተ ቤት ልኖር አልችልም፤ እህቴ የሞተችበት ነው፣ አንተም አበልጄ ነህ። ወደ አባቴ ቤት እወስዳታለሁ።»

የአባቷ ቤት በተራራው በኩል የሁለት ቀን መንገድ ነው። በዚያ ቤት ጡት ያላት ሴት የለችም።

«አስበሽዋል?» አሏት አባ ላምቦሬ። «ካልተሰጠችሽ ገዳሙም ቀረብሽ፣ ልጅቷም ቀረችብሽ።»

«አስቤዋለሁ አባ። ለዚያ ነው መጀመሪያ የቀደድኩት።»

ታፈሰች ደጅ ቆማ ተናገረች። «ስትራብ ማንም የጡትሽ ዘር ከየት ነው ብሎ አልጠየቀኝም። እኔ ከአሁን በኋላ ደፍ ላይ ተቀምጬ አላጠባም። ወይ በዚህ በር እንደ ሰው ልግባ፣ ወይ ልጅቷ ከእኔ ጋር ትውጣ። ቤቴ ድሃ ነው፤ ግን የሚገባውን አይመርጥም።»

«አሁን ጡት ልትከለክያት ነው?» አለች እማማ በለጡ ደንግጣ።

«እኔ ነኝ የከለከልኩ?» አለች ታፈሰች።

እስኪወሰን ድረስ ግን ታፈሰች ማጥባቷን አላቋረጠችም። የጥምቀቱ ቀሪ ሥርዓት በቤተ ክርስቲያን እስኪፈጸም፣ እስከ ሰማንያኛው ቀን ድረስ ደፍ ላይ መቀመጡን ታገሠች። በዚያ ቀን ልጅቷን ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚገባው ሰው አሳዳጊዋ እንዲሆን ተስማሙ። ማንነቱን የሚናገረው ፓስካል ነው።

ፓስካል ወደ አባ ላምቦሬ ሄደ። «አባ፣ ይፍቱኝ» አለ። «አብጄ ነው የተሳልኩት። ልጄ ናት። ከሪታ የቀረኝ እሷ ብቻ ናት።»

«ልጅ እንደ ሻማ ለስለት አይሰጥም» አሉት ቄሱ። «ስለትህን አሁኑኑ ልፈታልህ እችላለሁ። ያቀፈቻትን፣ ያጠመቀቻትን፣ ያጠባቻትን ግን በምን ልፍታቸው? እነሱ የታሰሩት በአንተ ቃል አይደለም።»

«ታዲያ እኔ ላሳድጋት?»

«ልጄ፣ አንተ ብታሳድጋት ማን ያጠባታል? ማን ያቅፋታል? ታፈሰችንስ በየትኛው በር ታስገባታለህ? ቤቱ የእናትህ ነው።»

ፓስካል ወደየትም ቢዞር ሁለት ሴቶች ልጃቸውን የቀበሩ ያህል ያለቅሳሉ። ዝም ቢልም ልጅቷ ትራባለች።

ሰማንያኛው ቀን እሑድ ነበር። ዝናቡ አቁሟል። ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተሰበሰበ። ፓስካል ልጁን አቅፏል። ከተወለደች ጀምሮ እንዲህ ረጅም ጊዜ አቅፏት አያውቅም። የቆመው ራሱ በሠራው በር ፊት ነው። በሩ ባለ ሁለት ተከፋች ነው፤ አንደኛው መዝጊያ ግን ሳይጨረስ ተቸንክሮ ቀርቷል። ከዚያ ዓርብ ወዲህ አልነካውም። በቀረው ክፍተት የሚያልፈው አንድ ሰው ብቻ ነው።

እማማ በለጡ በቀኝ ቆማለች፤ መቀነቷን ፈትታ በእጇ ይዛለች። ሉቺያ በግራ ቆማለች፤ በክንዷ የታጠበውን የሪታን ነጠላ ይዛለች። ታፈሰች ከሁሉም ኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አጥር ውጪ ቆማለች። ቀሚሷ ደረቷ ላይ ረጥቧል፤ ልጅቷ የምትጠባበት ሰዓት ደርሷል።

አባ ላምቦሬ ከውስጥ ወጡ። «ይህችን ልጅ ማን ይዟት ይገባል?» አሉ።

ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። ሦስቱም አንድ እርምጃ ወደፊት መጡ። ፓስካል አፉን ከፈተ።

እናንተ ይህን የሰማችሁ፣ እዚያ በር ላይ ብትቆሙ፣ ልጅቷ እጃችሁ ላይ እያለቀሰች፣ የማንን ስም ትጠሩ ነበር?