ውሃ የማይነካው ሞተር

የጀልባ ሞተር በስንት ስንዝር ከፍታ ነው የሚታሰረው? እኔ እስከ ዛሬ አላወቅኩትም። ባሌ ጀልባ ነጂ ስለሆነ ያውቀዋል፤ ግን የጠየቀው የለም።

የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበራችን አዲስ ሞተር ሲገዛ ሊቀመንበሩ አቶ ደምመላሽ ስብሰባ ጠሩ። "ሞተሩ እንዳይበላሽ ውሃ በማይነካው ከፍታ ይታሰር" ብለው በጭብጨባ አስወሰኑ። ባሌ እንደታዘዘው አሰረው። ሊቀመንበሩ ከረባታቸውን አድርገው ተሳፈሩ። ሞተሩ ጮኸ፤ ከሥሩ የሚሽከረከረው መቅዘፊያም አየር ላይ ዞረ። ጀልባዋ ግን ንቅንቅ አላለችም።

"ስማ አንተ! ዝቅ ብታደርገው ውሳኔ ጥሰሃልና ትባረራለህ። ጀልባዋ ካልሄደችም ሥራ አልቻልክምና ትባረራለህ!" አሉት።

እኔ ልጄን አዝዬ ሐይቁ ዳር ላይ ቆሜያለሁ። ነገ ምን ላበላት ነው እያልኩ ወደ ጀልባዋ ተጠጋሁ።

ባሌ ግን፣ "ጌታዬ፣ እኔና ሞተሩ ውሳኔውን አክብረናል። ከፍ ማለት የቀረው ሐይቁ ነው፤ እሱን ደግሞ ስብሰባው ላይ አልጠሩትም" አላቸው።

አቶ ደምመላሽ ከረባታቸውን አስተካከሉ። "ልክ ነህ፤ ሐይቁም ለማክሰኞ ስብሰባ ይጠራ። የጥሪ ደብዳቤ ጽፈህ ስጠውና አስፈርመህ ና፤ እስከዚያ ሥራህ ላይ ቆይ" አሉት።

ደብዳቤውን እኔው በተንጋደደው የእጅ ጽሕፈቴ ጻፍኩት። እባካችሁ የምታውቁ ምከሩኝ፤ ሐይቅ የሚፈርመው የት ጋ ነው?